ክብደት የሌለው አርማታ

ቤዛዊትን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አጥር ለአጥር ነን። እኔ ሾዴ እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ሸማ እሠራለሁ፤ ለሰፈራችን እድር ደግሞ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። የምጽፈው ስለ እሷ ነው፤ እየጻፍኩ ስሄድ ግን የራሴም ነውር ብቅ ይላል። አልደብቀውም። እንድጽፈው ስጠይቃት “ጻፈው፤ ብቻ አታሳምርልኝ” ነው ያለችኝ።

እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ድስቱን፣ ሰሃኑን፣ ወንበሩን የሚያወጡትም የሚያስገቡትም እሳቸው ናቸው። አባቷ የሞቱት ገና በጨቅላነቷ ስለሆነ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የኖሩት። ቤዛዊት ሲቪል ምህንድስና ተምራ፣ በስትራክቸር ማስተርሷን ይዛ፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ አንድ አማካሪ ድርጅት ስትቀጠር፣ የተቀጠረው ሰፈሩ በሙሉ ነበር የሚመስለው። ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሁሉ ይጠራታል። ትመጣና ስንጥቁን በጥፍሯ ነካ ነካ አድርጋ “ይሄ ልስኑ ነው፣ አያስፈራም” ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳትል ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳለች፤ ያኔ የቤቱ ባለቤት ይደነግጣል። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሰው ግን “ኢንጂነር” ሲላት ከትልቅ ሰው እኩል አድርጎ ነው።

እድራችን አዳራሽ አልነበረውም። ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክለው ቁልቁለቱ መንገድ ላይ ነው፤ ክረምት ከሆነ ጎርፉ በለቀስተኛው እግር ሥር ይወርዳል። አንድ ሐምሌ ላይ ወንበር ከነሰው ተንሸራቶ አንዲት አሮጊት እግራቸው ተሰበረ። አዳራሽ እንሥራ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው ነበረን፤ ዕቃ ቤታችን ያለበት ግቢ። ወደፊት ፎቅ እንድንጨምርበት ጣራው አርማታ ይሁን ተባለ።

“ንድፉንስ ማን ይሥራልን?” አሉ ሊቀመንበራችን አቶ ስብሐት። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ስብሰባ ሲመሩ አሁንም ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። “ልጄ እያለች ሰው ፍለጋ ምን ያንከራትታል? እሷ ትሠራዋለች። በነጻ!”

አጨበጨብን። ቤዛዊት እዚያ አልነበረችም፤ የሰማችው ተወስኖ ካለቀ በኋላ ነው። አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። ግን ያን ሰሞን ቢሮ ሥራ ተደራርቦባት ስለነበር የእኛን አዳራሽ የሠራችው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ባልደረቦቿ ሲወጡ እሷ ሳምቡሳዋን እየገመጠች ኮምፒውተሯ ላይ ትቀራለች።

የዚያን ሥራ ጠባይ እኔ ያወቅሁት ኋላ እሷው አስረድታኝ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዓምዱም፣ ዓምዶቹ ላይ ተጋድሞ ጣራውን የሚሸከመው ቢሙም፣ ጣራውም በመስመር ይሳላል። ከዚያ ፕሮግራሙ ጭነት ሲያርፍበት የቱ እንደሚጎብጥ፣ የቱ ምን ያህል ብረት እንደሚፈልግ አስልቶ ያወጣል። ታዲያ ፕሮግራሙ በራሱ አርማታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰው ነው የሚነግረው። አንዲት ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፤ እዚያ ላይ የአርማታው ጠባይ አንድ በአንድ ይሞላል። ስንት ቢጫኑት እንደሚደቅ፣ ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ጭነቱ ሲነሳለት ወደነበረበት መመለሱ ወይ ጎብጦ መቅረቱ፣ አንድ ሜትር ኩብ ምን ያህል እንደሚመዝን። የነገሩትን ያምናል። አርማታ እንደ ጎማ ይለጠጣል ብትለው እንደ ጎማ አድርጎ ያሰላልሃል እንጂ አይከራከርህም። ቤዛዊት ይህን መስኮት እንደ አዲስ ከመሙላት ብላ ከአንድ የቆየ ሥራዋ ላይ እንዳለ ቀዳችው። ሁሉም መሐንዲስ እንደዚያ ያደርጋል አለችኝ፤ ነውር የለውም፣ ከቀዱ በኋላ ካዩት።

ግንባታውን የያዙት ጋሽ አሽረፍ ናቸው። በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ከቀን ሠራተኛነት ተነስተው ኮንትራክተር የሆኑ ሰው ናቸው። አዲሱ ገበያ ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓሊማ እዚያው ሱቅ አላቸው፤ ቀጨኔ ውስጥ ሩዝና ዘይት ከእሳቸው ያልገዛ ቤት ያለ አይመስለኝም።

የጣራው ፌሮ ታስሮ ሊያልቅ አካባቢ ቤዛዊት ልታይ መጣች። እኔም ነበርኩ። ጋሽ አሽረፍ አንዱን ቢም ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉትና ጠሯት።

“ኢንጂነር፣ ይቺ ቢም ዘጠኝ ሜትር ናት አይደል?”

“አዎ ጋሽ አሽረፍ።”

“ለዘጠኝ ሜትር ሦስት ፌሮ አላነሰም? እኔ እንዲህ ያለውን ስሠራ አምስት ስድስት አስገብቼ ነው የማውቀው።”

ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ቤዛዊት ፈገግ አለች። “ድሮ በግምት ስለሚሠራ ነው ብረቱ የሚበዛው። አሁን ኮምፒውተር ነው የሚያሰላው ጋሽ አሽረፍ፤ ትርፍ ብረት ለምን እናባክናለን?”

አንዱ ሠራተኛ ሳቀ። ጋሽ አሽረፍ “እሺ፣ አንቺ ካልሽ” ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ያን ቀን በልጃችን ኮራሁ።

አርማታው በተሞላበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የኮንክሪት መኪና ቁልቁለቱን ስለማይደፍረው ሚክሰሩ ላይኛው መንገድ ላይ ቆሞ ሰዎች ተሰልፈው በባልዲ ሲቀባበሉ ዋሉ። ጋሽ አሽረፍ በየመሀሉ ከሚቦካው ኮንክሪት እየቆነጠሩ በትንንሽ የብረት ሳጥኖች ይሞሉ ነበር። ኪዩብ ይባላል፤ ሲጠና ላቦራቶሪ ወስደው ሰብረው ጥንካሬውን ይለኩበታል። ወር ካለፈ በኋላ ጣራውን ከሥር ደግፈው የያዙት ፑንቴሎዎች ተነሱ። አዳራሹ ያለ አንድ ዓምድ ወለል ብሎ ታየ። ወይዘሮ ብርቅነሽ መሀሉ ላይ ቆመው ዞር ዞር እያሉ አዩትና እልል አሉ።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ አቶ ስብሐትና እኔ ጣራው ላይ ብንወጣ ውኃው በአሸንዳው አልወረደም። መሀሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ከሥር ደግሞ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጋሽ አሽረፍን ጠራናቸው። ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥረው ለኩ።

“መሀሉ ሦስት ጣት ወርዷል” አሉ። “ኢንጂነርን ጥሩልኝ።”

ቤዛዊት አርብ ጠዋት መጣች። መሰላል ላይ ወጥታ ቢሞቹን ከሥር አየቻቸው። መሀል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ፤ በሁሉም ላይ፣ በአንድ ቦታ። ስትወርድ ፊቷ ሌላ ነበር። “ቢሮ ደርሼ እደውላለሁ” ብላ ሄደች።

የሆነውን እሷ እንደነገረችኝ ላስቀምጠው። ቢሮ ገብታ የእኛን ፋይል ከፈተች። የአርማታውን መስኮት ከላይ ወደ ታች አየች። ጥንካሬው ልክ ነው። የሚለጠጥበት ልክ ነው። ክብደት የሚለው ላይ ስትደርስ ዜሮ ይላል። ሃያ አምስት መሆን ነበረበት። ከሰባት ወር በፊት ለአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማቆሚያ ስትሠራ ነፋሱ ለብቻው ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈልጋ የአርማታውን ክብደት አጥፍታው ነበር። መመለሱን ረሳችው። ከዚያ ፋይል ላይ ነው የቀዳችው። ፕሮግራሙ የእኛን ጣራ ሲያሰላ ሰዉን ቆጥሯል፣ ወንበሩን ቆጥሯል፤ አርማታው ራሱን የሚሸከም መሆኑን ግን አልቆጠረም። ጣራው ለእሱ አየር ነበር።

“ይሄን የሚይዝ ዘዴ የለም?” ብዬ ኋላ ስትነግረኝ ጠየቅኋት።

“አለ። ፕሮግራሙ ያወጣውን ጠቅላላ ክብደት በእጅ ካሰላኸው ጋር ታስተያያለህ። አምስት ደቂቃ ነው። ለአዳዲስ ተቀጣሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።” አለችኝ። “የትልቅ ድርጅት ሥራ ቢሆን አደርገው ነበር ጋሽ ሾዴ። የሰፈር ነው፣ የነጻ ነው ብዬ አቀለልኩት።”

ያን ዕለት ሃያ አምስትን አስገብታ እንደገና አሰላችው። ቢሞቹ የሚያስፈልጋቸው ብረት ካስገባነው እጥፍ ሆኖ ወጣ። ጣራው ራሱን ብቻ እየተንገዳገደ ይይዛል፤ ላዩ ላይ ሰው ቢወጣበት ወይም ፎቅ ቢጨመርበት ግን አይችልም። ወዲያው ለአቶ ስብሐት ደወለች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ጆሯቸው ስለሚደክም ስልኩን ድምፅ አውጥተው ነው የሚያወሩት።

“ጋሼ፣ ዛሬውኑ ፑንቴሎው ይመለስ። በሩም ይቆለፍ፤ ማንም እንዳይገባ።”

“ምን ተገኘ ልጄ?”

“እ... ማለቴ... ኮንክሪቱ መመርመር አለበት።”

በቃ ይቺ ናት። ቤዛዊት ውሸት ብላ የተናገረችው ሌላ ቃል የለም። አቶ ስብሐት ስልኩን ዘግተው አዩኝና “ኮንትራክተሩ ሲሚንቶውን በልቶታል ማለት ነው” አሉ።

“እኔም ጠርጥሬ ነበር” አልኩ። አልጠረጠርኩም። እንዲያው ከአፌ ወጣ።

ፑንቴሎው በዚያው ቀን ተመለሰ፤ የመለሱት ራሳቸው ጋሽ አሽረፍ ናቸው። ሰኞ ዕለት ኮሚቴው ተሰብስቦ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩ። ተቋራጩ የሲሚንቶ አጠቃቀማቸው እስኪጣራ ድረስ እድሩ ከእሳቸው ጋር ምንም ዓይነት ሥራ እንደማይሠራ ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁበት፤ አንዱን ቅጂ ግቢያችን በር ላይ ባለው ሰሌዳ ለጠፍኩት። ከቃላቱ አንዳንዶቹን ኮሚቴው አልነገረኝም፤ እንዲያምር ብዬ ከራሴ የጨመርኳቸው ናቸው። በሳምንቱ ሽሮ ሜዳ ላይ አዲስ ሱቅ ሊያሠራ ከጋሽ አሽረፍ ጋር የተነጋገረ ሰው ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

ጋሽ አሽረፍ የኪዩቦቹን ውጤት ይዘው መጡ። ሁሉም ከተጠየቀው በላይ ነበሩ።

አቶ ስብሐት ወረቀቱን በሩቁ አዩት። “ኪዩቡን የሞሉት እርስዎ፣ የወሰዱት እርስዎ። ለኪዩቡ ደህናውን፣ ለጣራው ሌላውን ማድረግ ይቻላል።”

ጋሽ አሽረፍ አልተቆጡም። “እንግዲያው ከራሱ ከጣራው ይቆረጥ” አሉ። “በሰው ፊት።”

ማክሰኞ ዕለት መቁረጫ ማሽን ያላቸው ባለሙያዎች መጡ። ግቢው በሰው ሞላ። ማሽኑ ጣራውን በስቶ እንደ ትልቅ ሻማ ድብልብል ያለ ኮንክሪት አወጣ። የሚመለከተው መሐንዲሷን ነውና ለቤዛዊት ሰጧት። እኔ እንኳ፣ ስለ ኮንክሪት የማላውቀው ሰውዬ፣ ያ ነገር ጠንካራ እንደሆነ ከሩቅ ታየኝ። ጠጠሩ እኩል ተሰራጭቷል፣ ቀዳዳ የለው፣ ውስጡ እንደ ጥቁር ድንጋይ ያበራል።

“ኢንጂነር” አሉ ጋሽ አሽረፍ ሁሉም እየሰማ። “አንቺ ንገሪያቸው። ይሄ መጥፎ ነው?”

ቤዛዊት ኮንክሪቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እናቷ ከፊት ናቸው። አቶ ስብሐት ከጎን ናቸው።

“የላቦራቶሪው ውጤት ይምጣና...” አለች፤ አልጨረሰችውም።

ጋሽ አሽረፍ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከኋላቸው አንድ ሰው “ሌባ” ሲል ሰማሁ። እኔ አላልኩም፤ ግን ዝም በል ብዬም አልገሠጽኩትም።

ቤዛዊት ያን ሰሞን ራሷን የምታባብልበት ምክንያት ነበራት። ፑንቴሎው ተመልሷል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ማንም አይጎዳም። መፍትሔውን ሠርቼ ሳቀርብ አብሬ እናገረዋለሁ ትላለች። በማግስቱም እንደዚያው ትላለች። ይህን የሰበሩባት እናቷ ናቸው፤ ሳያውቁት።

ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ ብርቅነሽ ሩዝ ገዝተው ገቡ። ፌስታሉ የሌላ ሱቅ ነው። ነጠላቸውን አውልቀው እየሰቀሉ፣ ደስ ብሏቸው፣ ያወሩላት ጀመር።

“ዛሬ ዓሊማን አዲሱ ገበያ አገኘኋት። ‘እንደምን ዋልሽ ብርቄ’ ብላ እጇን ብትዘረጋልኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩባት። በሰው ፊት! ‘ባልሽ የበላው ሲሚንቶ አይደለም፣ የልጄን ስም ነው’ አልኳት።”

“እሳቸውስ ምን አሉሽ?”

“ምን ትላለች? አለቀሰች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሱቋ ገዝቼ፣ እንባዋን አሁን አየሁት።”

ቤዛዊት ተነስታ ጓሮ ወጣች። አርብ ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አሽረፍ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ዓሊማ ናቸው። ማን እንደሆነች ሲያዩ እጃቸውን አልዘረጉም፤ “ግቢ” ብቻ አሏት። ሻይ ቀዱላት። ይኸ ሻይ ከሁሉም በላይ እንዳሳፈራት ነው የምትናገረው፤ ስኳሩን ራሳቸው አማስለው ሰጧት። ጋሽ አሽረፍ ሥራ ስላልነበራቸው ቤት ነበሩ። ቤዛዊት ሻዩን ሳትነካ ነገረቻቸው። ዜሮውን፣ ፋይሉን፣ በስልክ ያለችውን ቃል።

ጋሽ አሽረፍ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት።

“ስንት ቀን ሆነሽ ካወቅሽ?”

“አስራ አምስት።”

“እኔ ማክሰኞ ነው ያወቅሁት” አሉ። “ያን ኮንክሪት ይዘሽ ዓይኔን ማየት ሲያቅትሽ። ሦስቱ ፌሮ ትዝ አለኝ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?”

“ማን ሊያምነኝ? አንቺ ማስተርስ አለሽ። እኔ ያለኝ ኪዩብ ነው፤ እሱንም አላመኑኝም።” ወደ እሷ ዞሩ። “የከፋኝ ስህተቱ አይደለም ልጄ። እኔም ስንት ግድግዳ አቁሜ አፍርሻለሁ። ሥራ ነው፣ ያጋጥማል። ግን ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ያመጣሁትን ስም በሰው ፊት ሲወስዱብኝ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር።”

ወይዘሮ ዓሊማ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። የቀዘቀዘውን ሻይ አንስተው ወጡ።

“ምን ላድርግ ጋሽ አሽረፍ?”

“እነዚያው ሰዎች ፊት፣ እዚያው ግቢ ተናገሪ። ለእኔ መንገር ምን ያደርግልኛል? እኔማ አውቀዋለሁ።”

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ የወሩ ስብሰባ ነበረው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የተባለው ሁሉ አለኝ። ቤዛዊት እጇን አወጣች። አቶ ስብሐት “ኢንጂነራችን ውጤት ይዛልን መጥታለች” አሉ። ቆመች። ድምፅዋ ስለማይሰማ “ጠንከር በይ!” የሚል ሰው ነበር።

“ኮንክሪቱ ደህና ነው” አለች። “ጋሽ አሽረፍ እኔ ከጠየቅኋቸው በላይ አድርገው ነው የሠሩት። ጣራው የጎበጠው በእኔ ስህተት ነው። ሳሰላ አርማታው ክብደት የለውም ብዬ አስገባሁ፤ ስለዚህ ብረቱ ግማሽ ሆነ። ጋሽ አሽረፍ ብረቱ አነሰ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ሳቅሁባቸው። ይህን ሁሉ ካወቅሁ አስራ ስድስት ቀን ሆነኝ።”

ከኋላ አንድ ሰው “ታዲያ ማክሰኞ ያን ኮንክሪት ይዘሽ ስትቆሚ ታውቂ ነበር?” አለ።

“አውቅ ነበር።”

ወይዘሮ ብርቅነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ከዚያ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በሰው መሀል አልፈው ወጡ። ልጅቷ ዓይኗን ከእናቷ ጀርባ ላይ አላነሳችም፤ እኔ ግን መሬት አየሁ። ጋሽ አሽረፍ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ከራሳቸው በላይ፣ ሰሌዳው ላይ፣ የእኔ ደብዳቤ እንደተለጠፈ ነው።

አቶ ስብሐት ተነስተው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውዬው አስተማሪ ናቸው፤ ቃል አያጡም፤ ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ጀምረው አቋረጡ። እኔም ተነሳሁ። ደብዳቤውን ከሰሌዳው ልላጥ ብል በደንብ ስለለጠፍኩት ግማሹ ብቻ ተቀድዶ መጣ። ጋሽ አሽረፍ በትዕግሥት ጠበቁኝ። የቀረውን በሚስማር ፈቅፍቄ አነሳሁ። ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በዚያው ማኅተም፣ በዚያው ቦታ ላይ ለጠፍኩት፤ ቆሜም አነበብኩት። ስሜ ከሥሩ ስላለ ስሜንም አነበብኩ።

“ይቅርታችሁን ሰምቻለሁ” አሉ ጋሽ አሽረፍ። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ ልብ ብዬዋለሁ።

ሰኞ ቤዛዊት ለአለቃዋ ለኢንጂነር ቶማስ ራሷ ነገረችው። አላባረራትም። ለአንድ ዓመት ስሌት ብትሠራም ፊርማው የሌላ ሰው እንዲሆን ወሰነ፤ እሷም አልተከራከረችም። የጣራውን ማጠናከሪያ ከእሱ ጋር ሆና ሠራች። በአዳራሹ መሀል መሠረት ተቆፍሮ ሦስት ዓምዶች እንዲቆሙ፣ እያንዳንዱን ቢም መሀል ለመሀል እንዲቀበሉት ሆነ። ፎቅ የመጨመሩ ሐሳብ ቀረ።

ለሥራው ሌላ ኮንትራክተር ልንፈልግ ስንል ጋሽ አሽረፍ “ያ ጣራ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም” ብለው መጡ። ሁለቱ አንድ ወር አብረው ሠሩ። እሷ ከወረቀት ታነባለች፣ እሳቸው ለሠራተኞቹ ይናገራሉ። ፌሮ በታሰረ ቁጥር “ስንት ነው ያልሽው?” ይሏታል፤ ትነግራቸዋለች፤ ደግመው ይጠይቃሉ፤ ደግማ ትነግራቸዋለች። ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አይለዋወጡም። ጣራው ከመቆረጡ በፊት አብረው ይስቁ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ያን ማየት ይከብደዋል። የተቆረጠው ኮንክሪት የላቦራቶሪ ውጤትም በዚያው ሰሞን መጣ። እንደተጠበቀው ጥሩ ነበር። ማንም ጮክ ብሎ አላነበበውም።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ልጃቸውን ለሁለት ሳምንት ያህል አላናገሯትም። ምግብ ያቀርባሉ፣ ይወጣሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው አዲሱ ገበያ ወረዱ። ወይዘሮ ዓሊማ ሱቅ ገብተው ምን እንዳሉ ሁለቱም አልነገሩንም። እኔ የማውቀው ሲመለሱ ዓይናቸው አብጦ እንደነበር፣ በእጃቸውም ሩዝ መያዛቸውን ነው። ለቤዛዊት “ሂጂና እጃቸውን ያዢ፤ እኔ ይዣለሁ” አሏት። ሄደች። ወይዘሮ ዓሊማ እጃቸውን ሰጧት፤ ግን ሻይ አልቀዱላትም። ስትመለስ ይህን ስትነግረኝ “ልክ ናቸው” አለች።

ጋሽ አሽረፍ በሽሮ ሜዳው ሥራ ፈንታ ሌላ አግኝተዋል። ሐሜቱን የሰማ ሁሉ ግን እውነቱን አልሰማም። “ቀጨኔ ጣራ የጎበጠበት ሰውዬ” ሲባሉ ባለፈው ሳምንት እንኳ በሚኒባስ ውስጥ ሰምቻለሁ። ይህኛውን አላለፍኩትም፤ እስከ መውረጃዬ ድረስ ተከራከርኩ። ሰውዬው ያመነኝ አልመሰለኝም።

አዳራሹ ግንቦት ላይ ተከፈተ። ለቅሶም ሠርግም ይደረግበታል፤ ሙሽሮች ዓምዶቹ ፎቶ ያበላሻሉ እያሉ ያማርራሉ። ቤዛዊት የተከፈተ ዕለት አልመጣችም። ለቅሶ ሲሆን ግን ትመጣለች፤ ትገባለች፣ እግዜር ያጥናችሁ ትላለች፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ወንበር ለመሰብሰብ እናቷን ትረዳለች። ሰዎች አሁንም ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ ይጠሯታል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም፤ አንዳንዶቹ እሷ ካየችው በኋላ ሌላ ሰው ይጠራሉ። ታውቃለች።

ቢሯቸው በቅርቡ ሲና የምትባል ጀማሪ መሐንዲስ ቀጥሯል። ቤዛዊት የመጀመሪያ ቀኗን ወደ እኛ አዳራሽ ይዛት መጣች። እኔ የእድሩን መዝገብ ልወስድ ገብቼ ነበርና ሰማሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። የዜሮውን ስትናገር ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ቀጥ ያለ ነው። ያን ኮንክሪት ይዛ የቆመችበት ላይ ስትደርስ ግን ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ፤ ዓመት አልፎት ማለት ነው።

ሲና አፍራ “ይሄን ለእኔ መንገር አይጠበቅብሽም እኮ” አለቻት።

“ከሌላ ሰው ስትሰሚው” አለች ቤዛዊት፣ “የዜሮውን ብቻ፣ ጋሽ አሽረፍ የሌሉበትን ነው የምትሰሚው።”

ከዚያ የጣራውን ክብደት በእጇ እንድታሰላ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት፤ እኔም መዝገቤን ይዤ ወጣሁ።